ስለ ጭስ ማውጫ ጋስኬት፦ አለዋወጡና የፍሳሽ ምርመራው



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ቀለበት ነው። የሞተር ሳይክሉ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከሲሊንደሩ ቴስታታ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ተጨፍልቆ ይቀመጣል። በጋራዥ ብዙዎች ጓርኒሲዮን፣ በመማሪያ ክፍል ደግሞ ጋስኬት ይሉታል። ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ ሲበላሽ ግን በሌላ ዕቃ ላይ ያሳብባል።

ርዕሱን የመረጥሁት ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ነበረኝ፤ ነዳጅ መስጫውን በለቀቅሁ ቁጥር ከማርሚታው ተኩስ የሚመስል ድምፅ ይወጣ ነበር። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብሁ፤ ካንዴላም ለወጥሁ። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ መካኒክ ጎንበስ አሉና በቱቦው አንገት ዙሪያ የተጋገረውን ጥላሸት በጣታቸው አሳዩኝ። ካርቡሬተሩ ምንም አልበደለም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭሱ ከሲሊንደር የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳይሆን እንደ ልብ ምት ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ለቅጽበት ከውጭው አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ስለዚህ በተከፈተው ስንጥቅ ጭስ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን አየርም ይገባል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ይህን ኦክስጅን በጋለው ቱቦ ውስጥ ያገኝና ይፈነዳል። በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ በሚሠሩትና የኦክስጅን ሴንሰር ባላቸው ሞተሮች ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይረቃል። ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል፤ ሴንሰሩ ከስንጥቁ የገባውን ኦክስጅን ሲያይ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ያሳውቃል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ አግባብ ነዳጅ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በቀጭኑ አየር ምክንያት ካርቡሬተር በራሱ ነዳጅ ያበዛል። የእኛ ጥርጣሬ ዘወትር ወደ ካርቡሬተር መሮጡ ስለዚህ አያስገርምም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። አስቸጋሪው ክፍል ጋስኬቱ ሳይሆን ዳዶዎቹ ናቸው። በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ የተተከሉት የብረት ቡሎኖች ከዓመታት ሙቀት በኋላ ዝገው ይጣበቃሉ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭታችሁ ቢቻል አሳድሩት፤ ዳዶው እምቢ ሲል በኃይል አትጠምዝዙት፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያላችሁ አለማምዱት። ቡሎኑ ከተሰበረ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ የቀናት ሥራ ይሆናል።

አሮጌው ጋስኬት ብዙ ጊዜ በጭስ መውጫው ውስጥ ተጣብቆ የቴስታታው አካል ይመስላል። ሳያወጡት አዲሱን በላዩ የሚደርቡ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። በቀጭን መንቆር ዙሪያውን እያላቀቃችሁ አውጡት፤ መቀመጫውን ግን አትጫሩት። የቆዩ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል አርጥባችሁ አንሡ እንጂ በደረቁ አትፋቁ፤ በአየርም አታራግፉ። የተጨፈለቀ ጋስኬት ዳግመኛ አይሠራም፤ የሚያሽገው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨፈለቅ ነውና።

አዲሱ እንዳይወድቅ በጥቂት ግሪስ ይያዛል። ቱቦውን ካስገባችሁ በኋላ የአንገቱን ዳዶዎችና የማርሚታውን ማሰሪያ በጣት ብቻ አስይዙ። ቀጥሎ የአንገቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ፣ የአምራቹ መመሪያ በሚያዝዘው ልክ አጥብቁ። ማሰሪያው መጨረሻ ይጠብቃል፤ ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ተጣሞ ይቀመጣል።

ፍሳሹን ለመመርመር ሞተሩን ከደጅ አስነሡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ኃይል ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ምርመራ መርማሪውን ይጎዳል። ቱቦው ሳይግል የሳሙና ውሃ በአንገቱ ላይ ቀቡና አረፋ ፈልጉ። በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ ቱቦው በደቂቃ ውስጥ ያቃጥላል። አረፋ ባይታይም «ትክ፣ ትክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትመኑት፤ ትንሽ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ስንጥቁ ሊዘጋ ይችላል። ሞተሩ ሞቆ እንደ ገና ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን በቁልፍ ፈትሹ፤ ጋስኬቱ በመጀመሪያው ሙቀት ትንሽ ይሰጥማል።

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንውረድ፤ አንዱን ሞተር ሳይክል ሆን ብዬ በአሮጌ ጋስኬት ገጥሜዋለሁ።