የልማትን ሥራ ቍጥር በስልክ ስለ መመዝገብ

በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው በቃሉ ወረዳ እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተከል ሥራው ከተራራ ላይ ይቀራል፤ ቍጥሩ ግን በወረቀት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ ደሴ ይሄዳል። በየደረጃው ሲገለበጥ አንዱ እርከን ሁለት ጊዜ ሊቈጠር፥ የደረቀውም ችግኝ እንደ ጸደቀ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በሴፍቲኔት ግን ሠራተኛው እህል ወይም ገንዘብ የሚቀበለው በሠራው ቀን ልክ ስለ ሆነ፥ ቍጥር ሲሳሳት የሚጐዳው ቤተ ሰቡ ነው።

ለዚህ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ በ2000 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የተጀመረው ኦዲኬ ነው። መዝጋቢው ከማሳው ላይ ቆሞ ጥያቄውን በስልኩ ይሞላል፤ ስልኩም ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ተቀብሎ ከመልሱ ጋራ ያኖራል። ኔትዎርክ በሌለበት ሸለቆ መዝገቡ በስልኩ ውስጥ ይቈይና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይላካል።

ጥያቄውን ለየሥራው ዓይነት ማዘጋጀት ግን የሹሙ ድርሻ ነው፤ «ስንት ተተከለ?» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሹም ስንት እንደ ጸደቀ አያውቅም። ስለዚህ ለየማሳው የማይለወጥ ቍጥር ይሰጠው፤ ከክረምትም በኋላ በዚያው ቍጥር ተመልሶ ይታይ። የብዙ ማሳ መዝገብ ሁሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተሞላ ሆኖ ቢገኝ፥ መዝጋቢው ወደ ተራራው መውጣቱን መጠርጠር ይገባል።