«ሁሉም ቄብ ናቸው» ሲሏችሁ

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት ጫጩቶቹ እንዳይሰሙኝ ብዬ አይደለም፤ ጎረቤቴም ዶሮ ነጋዴ ናት።

ሥራዬ ጫጩት ማሳደግ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተረክቤ፣ በከሰል አሙቄ፣ አስከትቤ፣ በ45 ቀኑ ለባለጓሮ እሸጣለሁ። ገዢ ሁሉ ደጁን ሳያልፍ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቄብ ናቸው አይደል?» የእኛም መልስ ምላሳችን ላይ ነው። «ሁሉም ቄብ ናቸው!»

እንግዲህ የሙያውን ጉድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳናውቅ እናውቃለን እንላለን። በ45ኛው ቀን ደግሞ እያወቅን አናውቅም እንላለን። ትርፏ ያለችው እዚያ መሐል ነው።

ከመጀመሪያው ቀን እንጀምር። የሳሶ ወይም የሐበሻ ጫጩት በመዳፋችሁ ይዛችሁ ብታገላብጡት ምንም አይነግራችሁም። አንዳንዱ ነጋዴ ግን ክንፏን ዘርግቶ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ይቺ ሴት ናት» ይላል። ቲያትር ነው፤ ሳቁለትና እለፉ። በክንፍ መለየት የሚባለው ራሱ ውሸት ሆኖ አይደለም። የሚሠራው ግን ወላጆቹ ለዚሁ ተብለው ሲዳቀሉ ብቻ ነው፤ ያኔ የሴቷ የክንፍ ላባ ከላዩ ከሚሸፍነው ላባ ረዘም ብሎ ይታያል፣ የወንዱ እኩል ወይም አጠር ይላል። እሱም ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል።

አያቴ ደግሞ ገና በእንቁላሉ ነበር የምትለየው። ሹሉ ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት። እኔም ልጅ ሆኜ አምኜ 12 ድቡልቡል እንቁላል መርጬ አሳቀፍኩ። ከተፈለፈሉት ውስጥ ግማሾቹ አድገው ጮኹ። ቀለበት በክር አንጠልጥለው እንቁላል ላይ የሚያወዛውዙም አሉ፣ እነሱንም ተዋቸው። ጾታው ያለቀው ቅርፊቱ ሳይሠራ ነው፤ የምትወስነውም ሴቷ ናት። አውራው የሚሰጠው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወንድና ሴት የሚለየው በእሷ በኩል ያለው ነው። የአውራው ያ ሁሉ ጉራ ለምን እንደሆነ እንጃለት!

ከልባቸው የሚያውቁት እነማን መሰሏችሁ? ጃፓኖቹ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማሱይ እና ሃሺሞቶ የሚባሉ ሊቃውንት የጫጩቷን ቂጥ በጣት ገለጥ አድርገው፣ የመርፌ ራስ የምታክል እብጠት አይተው መለየት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ በሰዓት ሺህ ያህል ጫጩት ይለያል፣ የሚስተውም ከመቶ ሁለት ቢሆን ነው። ደግሞ ቤት ሄዳችሁ እንዳትሞክሩት! አንጀቷን ትዘረግፉታላችሁ።

ያለ ክርክር የሚለዩትስ? ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉት፣ እነ ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን ናቸው። ሲፈለፈሉ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው «ሁሉም ቄብ» ሲላችሁ እመኑት። ቢጫዎቹ ወንድሞቻቸው የት ገቡ ብላችሁ ግን አትጠይቁ። እሺ፣ ጠየቃችሁ። እንቁላል አይጥሉ፣ ሥጋ ቶሎ አያወጡ፤ በብዙው ዓለም የተፈለፈሉ ዕለት ይገደላሉ። ጀርመን ይህን በሕግ የከለከለችው ገና በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኮኮክም ትንሽ ትረዳናለች፤ ገብስማ የምትመስለዋ ማለቴ ነው። የወንዱ ጫጩት አናት ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ሰፋ፣ ፈሰስ ትላለች፤ የሴቷ ጠበብ ያለች ናት። ሲያድጉም ወንዱ ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች።

አሁን ወደ 45ኛው ቀን። ዋናው ምስጢር እዚህ ነው።

በዚህ ዕድሜ እኔ አብዛኞቹን ከሩቅ አውቃቸዋለሁ። የወንዱ ኩክኔ ቀድሞ ቦግ ይላል፤ እግሩ ይወፍራል፤ እጃችሁን ስታስገቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያፈጥጥባችኋል። የሴቷ ኩክኔ ገርጥቶ፣ አጭር ሆኖ ይቆያል፤ እሷ አጎንብሳ ትሸሻለች። ግን አንዱን ለብቻው አንስታችሁ አትፍረዱ፤ ከእኩዮቹ ጋር አስተያዩ። በተለይ የሐበሻ ዶሮ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ኩክኔያቸው ጠፍጣፋና ትንሽ ነው፣ አውራውም ቄብ መስሎ ይሸውዳል። እርግጡ የሚመጣው በሦስት ወር ገደማ፣ ወገቡ ላይ ያለው ላባ ሲወጣ ነው። ሾል ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አውራ ነው፣ ጫፉ ክብ ከሆነ ቄብ። ያኔ ግን እኔ ሸጬ ጨርሻለሁ።

ባለፈው አንድ ጋሼ ደወሉልኝ። አሥር «ቄብ» ሸጬላቸው ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ በጣም በትሕትና፣ «ከአሥሩ ቄቦችሽ አራቱ ዛሬ ጠዋት ጮኹ።» ምን ልበል? «ጋሼ፣ በዓል እየመጣ አይደል!» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን እውነተኛው ጥያቄ መጣ። «አሁን አራት አውራ ምን አደርጋቸዋለሁ?»

ይኸውላችሁ፣ ለእሳቸው የነገርኳቸው።

እንቁላል ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት አንድም አውራ አያስፈልጋችሁም። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ ከሱቅ የምትገዙት የፈረንጅ እንቁላል አብዛኛው ያለ አውራ የተጣለ ነው። ጫጩት ካማራችሁ ለአሥር ሴት አንድ አውራ ይበቃል። በስድስት ሴት ላይ አራት ካስቀመጣችሁ ጀርባቸው ይላጫል፣ የአንገታቸው ላባ ይረግፋል፣ ደም ሲያዩ ሌሎቹም ይነቁሯቸዋል።

ታዲያ ጋሼ አንዱን ከሴቶቹ ጋር ትተው ሦስቱን ለብቻ እንዲያስቀምጧቸው መከርኳቸው። ሴት በማትታይበት ቦታ አብረው ያደጉ አውሮች የሚገርም ሰላም አላቸው። የሚጣሉበት ነገር ስለሌለ ነው። ሴት አጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ግን ወንድማማችነቱ ያበቃል። መኖውንም በአንድ ዕቃ አትስጧቸው፣ በሁለት በሦስት ቦታ በትኑት፤ የሚሸሸው የሚደበቅበት ጥግም ይኑረው። አዲስ አውራ ስታመጡ በቀን ጎትታችሁ መሐል አታስገቡት። ጥቂት ቀን በወንፊት ሽቦ ይተያዩ፣ ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ አውጡት።

አለቃው ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ንጋት ላይ ተኝታችሁ ስሙ። ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ይህንንም ጃፓኖች በ2015 (እ.ኤ.አ.) አጥንተውታል፤ አለቃው ይጀምራል፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። አለቃውን ካነሳችሁት ምክትሉ ቦታውን ይወስዳል። ሰፈሩ በጩኸቱ ተማሮ «ያንን ጯሂ እረዱልን» ቢላችሁ አትሞኙ፤ በማግስቱ ሌላው ይጀምራል።

ደግሞ ሳቅ ያለባት አንዲት ነገር። ይህ ሁሉ ማዕረግ ሴቶቹ ዘንድ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ዝቅተኛው አውራ አስገድዶ ከወጣባት፣ ዶሮዋ ዘሩን መልሳ ታስወጣዋለች። የወደደችውን ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሆዷ ውስጥ ታቆየዋለች። ስለዚህ አውራ ስትለውጡ ሦስት ሳምንት ሳትጠብቁ የምታሳቅፉት እንቁላል የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም።

የተረፉትን ሦስቱን ጋሼ እስከ ፋሲካ አቆዩአቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አውራ የሚጠይቅ የለም፣ መኖ ግን ይበላል፤ ለዚህ ነው እኛ የፋሲካውን ጫጩት ኅዳር ላይ የምናስገባው። እሳቸው ሳያውቁት በትክክለኛው ወር ከእኔ ገዝተው ነበር። በዋዜማው ሁለቱን ሸጠው፣ አንዱን ለቤታቸው አረዱ። የእኔን ዋጋ አወጡ፣ ተረፋቸውም። አሁን «ቄብሽን ስጪኝ» እያሉ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ።

እናንተ ስትመጡ በማለዳ ኑ፣ ገዢ ሳይበዛ። ኩክኔያቸው የገረጣውን ራሳችሁ እያነሳችሁ ካርቶን ውስጥ አስገቡ። እኔ ውሃ ልቀዳ ዞር እላለሁ።