የአንበሳ ጎረቤቶች

ከናይሮቢ ከተማ መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ፣ ፎቆቹ ከኋላ እየታዩ፣ አንበሳ፣ ቀጭኔና የሜዳ አህያ የሚኖሩበት ሜዳ ይጀምራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሦስቱ ጎኖቹ ታጥረዋል፤ የደቡቡ ጎን ግን ክፍት ነው።

ውድ አንባብያን! ይህ ጎን ክፍት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ ሲጥል የሜዳ አህያውና ዊልደቢስት የሚባለው በመንጋ የሚጓዝ እንስሳ አዲስ ሣር ፍለጋ ወንዙን ተሻግረው ወደ ኪቴንጌላ ሜዳ ይወርዳሉ፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ውኃ ወዳለበት ፓርክ ይመለሳሉ። መተላለፊያው ከተዘጋ ፓርኩ ትልቅ በረት ሆነ ማለት ነው።

መተላለፊያው ግን የፓርኩ ይዞታ አይደለም፤ የማሳይ አርብቶ አደሮች መሬት ነው። ቀድሞ በጋራ ያግጡበት የነበረው ይህ መሬት በ1980ዎቹ ለየአባወራው ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው፣ የድንጋይ ካባውና የመኖሪያ ቤቱ ተከታትለው መጡ። ድርቅ ከብቱን የፈጀበት፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት አባት ከመሬቱ ቆርሶ ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? ገዢው ግን በማግስቱ ያጥራል። አጥሩ የአንድ ሰው ነው፤ የሚዘጋው መንገድ ግን የሁሉም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ20,000 በላይ የነበረው የዊልደቢስት ቁጥር በ2010ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ።

ላለማጠር የተከፈለ ኪራይ

በ2000 አንድ ሐሳብ ተሞከረ። መሬቱን ላለማጠርና ላለመሸጥ ለተስማማ ቤተሰብ በዓመት ለአንድ ኤከር 4 ዶላር ይከፈለው ጀመር። ገንዘቡ በሦስት ተከፍሎ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በጥቂት ቤተሰቦች የተጀመረው ውል በመቶዎች የሚቆጠሩትን አቀፈ። ሆኖም ገንዘቡ ከለጋሾች የሚገኝ ስለነበረ ከአሥር ዓመታት ገደማ በኋላ ምንጩ ደረቀ። ነዋሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከአካባቢው ምክር ቤት ጋር ሆነው የትኛው መሬት ለግጦሽ፣ የትኛው ለከተማ እንደሚሆን የሚለይ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ አወጡ።

የልጁ መብራት

ችግሩ የመሬት ብቻ አይደለም። ክፍት መንገድ የሜዳ አህያን ብቻ ሳይሆን አንበሳንም ወደ ደጅ ያመጣል። በ2012 ፍየሎቻቸው የተበሉባቸው የኪቴንጌላ ነዋሪዎች ስድስት አንበሶችን ገደሉ።

ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ የማሳይ ልጅ ግን ሌላ መላ አግኝቶ ነበር። የአባቱን ከብቶች የሚጠብቀው ይህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አንድ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ በረቱን ሲዞር፣ አንበሶች የሚንቀሳቀስ ብርሃን እንደሚፈሩ አስተዋለ። ቀደም ሲል የእናቱን ሬዲዮ ፈታትቶ ክፉኛ ተቆጥተውት ነበር፤ ያ ትምህርት አሁን ጠቀመው። በአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ በሞተር ሳይክል ፍሬቻ ዕቃና ከተሰበረ የእጅ ባትሪ በወጡ አምፖሎች ተራ በተራ ብልጭ የሚሉ መብራቶችን በበረቱ ዙሪያ ዘረጋ። ከብቱም ዳነ፤ አንበሳውም ዳነ። ጎረቤቶቹም «ለእኛም ሥራልን» አሉት፤ ሠራላቸውም።

ግፊቱ ግን አልቆመም። በ2019 የተከፈተው የባቡር መስመር በረጅም ድልድይ ላይ ሆኖ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። ከተማዋም በየዓመቱ ትሰፋለች።

ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሐቅ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ለከተማው ቤተሰብ አንበሳ የእሑድ ሽርሽር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ ግን የአንድ ላም ዋጋ ነው። መንገዱ ክፍት እንዲቆይ የምንሻ ሁሉ የላሟንም ዋጋ አብረን ማሰብ ይገባናል። ይህ ካልሆነ «አትጠር» የምንለው ድሃ አባወራ አንድ ቀን ማጠሩ አይቀርም።