የማን ሳንባ ነው መለኪያው?

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ የሳንባ አቅም ሲለካ የታካሚውን ዘር እያዩ ውጤቱን ማስተካከል እንዲቀር መከረ። ነገሩ የአሜሪካኖች የቤት ጣጣ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳዩ ግን አቃቂ ቃሊቲ ድረስ ይመጣል። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው የፋብሪካ ሰፈር ብናኝ ሲስብ የሚውል ሠራተኛ አንድ ቀን ትንፋሽ ቢያጥረው፣ «ተጎድቷል» ወይም «ደህና ነው» የሚያሰኘው ቁጥሩ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ነው።

የሳንባ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። ቀኙ ሦስት ክፍል አለው፤ ግራው ለልብ ቦታ ስለሚለቅ ሁለት። የአየር ቧንቧው 23 ጊዜ ያህል እየተከፈለ ሄዶ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን በሚገመቱ የአየር ከረጢቶች ያበቃል። ወደ ቀኝ የሚሄደው ቧንቧ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሕፃን ልጅ ትን ያለው ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የቀሩትን ክፍልፋዮች ስም ለሕክምና ተማሪዎች እተዋለሁ።

ፕሉራ የተባለው የሳንባ ሽፋን ግን በችኮላ አይታለፍም። አንዱ ስስ ሽፋን ሳንባው ላይ ተለጥፎ ስንጥቆቹ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ሌላው የደረትን ግድግዳና ድያፍራምን ይለብጣል። በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። እዚያ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ ሳንባ እንደተነፋ ይቆያል፤ በጩቤ ወይም በተሰበረ ጎድን ምክንያት አየር ከገባበት ይኮማተራል። የውስጠኛው ሽፋን ሕመም አይሰማውም፤ በረጅሙ ሲተነፍሱ ጎን ላይ የሚወጋው የውጭኛው ሲቆጣ ነው። «ሳንባዬ ውሃ ቋጠረ» የሚሉ ብዙ ሕመምተኞች ውሃው ያለባቸው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ሲሆን፣ በአገራችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ሐኪሙ ውሃውን ሲቀዳ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብሎ ይቀመጣል፤ መርፌው የጎድኑን የላይኛ ጠርዝ ታክኮ ይገባል፤ ደም ሥሩና ነርቩ የሚያልፉት በታችኛው ጠርዝ ሥር ነውና።

ወደ ፋብሪካው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ በሚፍታታበት ክፍል 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት 37.5 በመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ የተባለው ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው ሲጀምር ከዕረፍት በኋላ ሰኞ ሥራ ሲገቡ ደረትን ጨምድዶ ይይዛል፤ በሳምንቱ መካከል ይለቃል። ራጅ ላይ የራሱ መለያ ምልክት ስለሌለው ማስረጃው የሚገኘው ስፓይሮሜትር ከተባለው የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ነው። አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ «ይሳቡ፣ ይሳቡ፤ አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ አያቁሙ!» ይባላል፤ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር ይመዘገባል።

ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀውን ይህን መሣሪያ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት በ1851 የጥቁር ባሪያዎች ሳንባ ጉድለት አለበት ለማለት ተጠቀመበት፤ ባርነትም ለጤናቸው ይበጃል ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ መልኩን ቀይሮ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የሳንባ አቅም ሠንጠረዥ እንኳ ለጥቁሮች ያስቀመጠው የአፍሪካ አሜሪካውያንን ልኬት ሲሆን፣ ከነጮቹ በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ በአስቤስቶስ ክስ ጥቁር ሠራተኞች ካሳ ለመጠየቅ ከነጮች የባሰ ውጤት ማሳየት አለባቸው ብሎ ባልቲሞር ውስጥ ተሟግቷል። እንዲህ ያለ ቀመር የተጎዳን ሰው ጤነኛ ብሎ ወደ ብናኙ ይመልሳል። ይህን የቴክኒክ ዝርዝር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በደል ነው።

የእኛው አገር ማስረጃ ደግሞ ቀመሩን ያፈርሰዋል። ተመራማሪው ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉት የደባርቅ ሰዎች ቆላ ካሉት የአዲ አርቃይ ሰዎች የላቀ የሳንባ አቅም ነበራቸው። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ደግሞ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ «የጥቁር ሳንባ» የሚባል አንድ ልክ ከየት ይመጣል? 

አዲሱ ዘር የማይለይ ቀመር የተሻለ ነው፤ ግን እሱም የሌሎች አገሮች ሰዎች አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሕክምና ሰብ-ስፔሻሊቲ ሥልጠና ስለተጀመረ የራሳችንን ልኬት የሚሠሩ ሐኪሞች አሉን። ፋብሪካዎቹ እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም፤ ሠራተኛው ሲቀጠር ይለካ፣ በየዓመቱ ይደገም፣ ሰኞ ከሥራ በፊትና በኋላም ይታይ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በመጀመሪያው ሴኮንድ ከሚያወጣው አየር በዓመት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ ከዚያ በብዙ የሚቀንስን ሠራተኛ ከብናኙ ለማራቅ የማንም ሠንጠረዥ አያስፈልግም።