የሲጋራ ቀረጥ ሒሳብ

ትምባሆ ሳንባንና ልብን የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት ዛሬ አዲስ ምርመራ አያስፈልግም። በታዳጊ አገሮች ዘንድ ለረጅም ጊዜ በሚገባ ሳይመረመር የቆየው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መንግሥት የሲጋራን ቀረጥ ቢያከብድ ምን ይሆናል? የሚለው ነው። የሲጋራ ኩባንያዎች፥ ቀረጥ ሲበዛ ገበያው ወደ ኮንትሮባንድ ይሸሻል፥ የመንግሥትም ገቢ ይጎድላል እያሉ ያስፈራራሉ። የአገሩን አኀዝ በእጁ ያልያዘ ሹም ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? የሀብታም አገር ጥናት ቢያቀርብ፥ ያ ለእነርሱ ነው ይባላል።

መልሱ በአፍሪቃ ምድር ከተገኘባቸው አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪቃ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት በሲጋራ ላይ የሚከፈለው ግብር ደረጃ በደረጃ የመሸጫው ዋጋ እኩሌታ እንዲደርስ አቀደ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ ሊቃውንት የአገራቸውን የዋጋና የሽያጭ መዝገብ አገላብጠው፥ ዋጋው ከመቶ 10 ሲጨምር የሚጨሰው ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ብቻ እንደሚቀንስ አሰሉ።

«ብቻ» የምትለዋ ቃል ትስተዋል። ለምሳሌ መንግሥት ከ100 ፓኮ ላይ አንድ አንድ ብር ቢቀበል 100 ብር ያገኛል፤ ቀረጡን ሁለት ብር ቢያደርገውና 70 ፓኮ ቢሸጥ ግን 140 ብር ያገባል፤ የሚጨሰውም ይቀንሳል። የሆነውም ይኸው ነው። ከ1993 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የኑሮ ውድነት ተቀናንሶ የሲጋራ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ፥ የተሸጠው በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ የቀረጡ ገቢ ግን ከእጥፍ በላይ አደገ።

የኮንትሮባንዱ ነገር ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ኋላ በዚያው አገር በርትቷል። ነገር ግን የበረታው ቀረጡ እምብዛም ባልጨመረባቸውና የግብር መሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር በላላባቸው ዓመታት ነው። ሊቃውንቱ ይህን የመረመሩበት ዘዴ ቀላል ነው፤ አንድ ፓኮ ሊከፈልበት ከሚገባው ግብር ባነሰ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ከተሸጠ፥ ግብሩ አልተከፈለበትም።

በአገራችን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች ከመቶ 5 ያህል ሆነው ተገኙ። በ2020 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ደግሞ ከፋብሪካው ዋጋ ላይ ከመቶ 30፥ በያንዳንዱም ፓኮ 8 ብር ጣለ። ከመቶ የተቆረጠው ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፤ በብር ቁጥር የተቆረጠው ግን ገበያ በተወደደ ቁጥር ኃይሉ ይሳሳልና፥ በየዓመቱ መመዘን የሚኖርበት እርሱ ነው።