አዳኙ ከሄደ በኋላም የሚገድለው አረር

ከሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል መንትያ ከተሞች በስተደቡብ በምትገኘው አፕል ቫሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የሚኒሶታ መካነ እንስሳት ይገኛል። ተቋሙ ከተሳተፈባቸው ሥራዎች አንዱ ትራምፔተር ስዋን የተባለችውን ወፍ ወደ ግዛቲቱ ሐይቆች የመመለስ ጥረት ነው። ዝይ የምትመስለው ይህች ግዙፍ ነጭ ወፍ ለሥጋዋ፣ ለቆዳዋና ለላባዋ ስትታደን ኖራ፣ በ1880ዎቹ ከሚኒሶታ ጠፍታ ነበር። በ1960ዎቹ የተጀመረው ጥረት ፍሬ አፍርቶ ዛሬ ቁጥሯ ከአሥር ሺህ በላይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የአደን ጉዳት ተኩሱ ሲቆም አብሮ አልቆመም። ለመዝናናት ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተኮሷቸው ጥቃቅን የእርሳስ እንክብሎች በሐይቆች ወለል ላይ ተከማችተዋል። ስዋን ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር የምትውጥ በመሆኗ፣ እንክብሉንም ሆነ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን የእርሳስ ክብደት ከጠጠር ሳትለይ ትውጠዋለች። ጡንቻማው ሆዷ እርሳሱን ሲፈጨው መርዙ ወደ ደሟ ይገባል። በሰውነቷ ውስጥ የካልሲየምን ቦታ እየተካ ነርቮቿን ስለሚጎዳ፣ ክንፏ ይዝላል፤ የምግብ መፍጫዋም ሥራውን ያቆማል። በመጨረሻም ሆዷ ሳይጎድል በረሃብ ትሞታለች።

አሜሪካ የውሃ ወፎችን በእርሳስ ጥይት ማደንን በመላ አገሪቱ የከለከለችው በ1991 ነው። አጋዘን ለማደን ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች የእርሳስ ጥይት አሁንም ይፈቀዳል። ጥይቱ አጋዘኑን ሲመታ ወደ ብዙ ስብርባሪ ይበተናል። አዳኙ ሥጋውን ወስዶ ሆድ ዕቃውን በጫካ ይተወዋል፤ ከስብርባሪው ጋር የሚበላውም የአሜሪካ ብሔራዊ ምልክት የሆነው ነጭ ራስ ንስር ነው። አንድን ንስር ለመግደል የሩዝ ፍሬ የምታህል የእርሳስ ቁራጭ ትበቃለች። በሴንት ፖል የሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአዳኝ አእዋፍ ማዕከል በእርሳስ የተመረዙ ንስሮችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያክም ቆይቷል።

ጉዳዩ የጥቂት ወፎች ሕመም ብቻ አይደለም። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ38 ግዛቶች የተሰበሰቡ 1,210 ንስሮችን መርምሮ፣ ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ ለእርሳስ መጋለጣቸውን አረጋግጧል። መርዙ የነጭ ራስ ንስርን ዓመታዊ የዕድገት መጠን በ4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስም አስልቷል።

ስብርባሪው ወደ ሰው ማዕድም ይደርሳል። በ2008 በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ አዳኞች ለችግረኞች በለገሱት የአጋዘን ሥጋ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናት ናቸው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከመዳብ የሚሠራ ጥይት እንደ እርሳስ ስለማይበታተን በብዙ አዳኞች ዘንድ አገልግሎት ላይ ውሏል። ካሊፎርኒያም ከሐምሌ 2019 ጀምሮ የዱር እንስሳትን በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። እርሳስ ግን አይበሰብስም። ዛሬ አንድም ጥይት ባይተኮስ እንኳ፣ ከአያቶች ዘመን ጀምሮ በሐይቅ ወለል የተቀበረው አረር ነገ የምትመጣዋን ስዋን ይጠብቃታል።