ተጨማሪ መረጃ፦ ከሲታዎቹ የስኳር ሕሙማን

የስኳር ሕመም የጠገበ፣ የወፈረ ሰው በሽታ ይመስለናል። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከገጠር ሲመጡ ያዩዋቸው ግን ብዙዎቹ ወጣት፣ ድሃና ከሲታ ነበሩ፤ ኢንሱሊንም የግድ ያስፈልጋቸዋል። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ባልገባበት መንደር ይህን ከየት ያመጡታል?

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጥያቄ አነሳ፦ የሕመሙ መነሻ የምግብ እጥረት ይሆን? ደፋር ጥያቄ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 የተቀበለውን፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ዓይነት በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበርና። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል።